የወንድም ጋሼ ኮሽኮሾ

ተገኘ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስንፈልገው የከረምነው ነገር ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ መቶ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ተገኘ። አልተሰበረም፣ አልተጫረም፤ እንዲያውም ከመጥፋቱ በፊት ከነበረበት በተሻለ ቦታ ተቀምጧል። የተገኘው ጥርስ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ፤ ዛሬም እንደ ልጅነቴ ወንድም ጋሼ ነው የምለው።

ወንድም ጋሼ እንጨት በቶርኖ እያሽከረከረ የሚቀርጽ ባለሙያ ነው። ሠላሳ ዓመት የወንበር እግር፣ የአልጋ ቋሚ፣ የደረጃ መደገፊያ ሲያወጣ ኖሯል። የወንበር እግር ደግሞ ዕድለ ቢስ ሥራ ነው፤ ካልተሰበረ በቀር ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም። "እኔን የሚያመሰግነኝ የለም፤ የሚቀመጥብኝ እንጂ" ይል ነበር።

ታዲያ ባለፈው ወር ከመንገዱ ማዶ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህርት መጥታ ኮሽኮሾ አዘዘችው። ኮሽኮሾ የምንለው እኛ ነን፤ እጀታ ያለው፣ ሆዱ የተቦረቦረ የእንጨት ዕቃ ነው። ውስጡ ደረቅ አተር ይጨመርና ይታሸጋል፤ ሲነቀንቁት ምት ይሰጣል። "ተማሪዎቹ ይጫወቱበታል፤ ሌላ ጊዜ አዳራሹ በር ላይ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቆማል፤ ከሥሩም የሠሪው ስም ይጻፋል" አለችው። ወንድም ጋሼ ያን ቀን ምሳ አልበላም። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ቆሞ ሊታይለት ነው።

አንድ አመል አለው። እንጨቱን ቦርቡሮ ሲጨርስ ሰጋቱራውን የሚያወጣው በአፉ እፍ ብሎ ነው። "መንፊያ ግዛ" ብንለው "ትንፋሽ ጥግ ጥጉን ያውቃል" ይለናል። ችግሩ፣ እፍ ባለ ቁጥር ያቺ የፊት ለፊት ተነቃይ ጥርሱ ቀድማ ትወጣለች። ስለዚህ ሥራ ሲጀምር ያወልቃትና አጠገቡ ያገኘው ዕቃ ላይ ጣል ያደርጋታል።

ኮሽኮሾውን ኮላ ቀብቶ ያሸገ ዕለት ጥርሷ የለችም። ሰጋቱራውን በወንፊት ነፋነው። ኪሱን ገለበጥን። እትዬ፣ ሚስቱ ማለቴ ነው፣ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ውጠሃት ይሆናል።"

"ሰው ጥርሱን ይውጣል?"

"አንተ ስትበላ አይቼሃለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ወንድም ጋሼ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሆነ የሚያወራው። መምህርቷ ዕቃውን ልትወስድ ስትመጣ ነቀነቀችው፣ ጆሮዋን አዘነበለች፣ ደግማ ነቀነቀችው።

"ከአተሩ ኋላ አንዲት ጠቅ የምትል ነገር አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ምን ጨመሩበት?"

"ልምድ ነው" አላት ከእጁ ሥር።

ዛሬ የኮሽኮሾው ምረቃ ነበር። ወንድም ጋሼ ሱፉን ለብሶ፣ እትዬን በግራ እኔን በቀኝ አድርጎ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። "ንግግር አድርግ ካሉኝ፣ ጉሮሮውን አሞታል በሉ" ብሎ አስጠነቀቀን። አንዲት ተማሪ ኮሽኮሾውን አንስታ ትነቀንቅ ጀመር። ኮሽ ኮሽ ጠቅ፣ ኮሽ ኮሽ ጠቅ። ሰው ሁሉ በእግሩ ይመታል። እትዬ ብቻ ደርቃ ቀረች።

"ይህችን ድምፅ አውቃታለሁ" አለች። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ልትተኛ ስትል ብርጭቆ ውስጥ ስትጥላት የምሰማት ናት። አንተ ሰውዬ፣ ጥርስህ መድረክ ላይ ናት።"

ወንድም ጋሼን ላብ አጠመቀው። አተሩን ያስቀመጠበት ሳህን፣ ጥርሷንም ጣል ያደረገበት ያው ሳህን መሆኑ ያኔ ትዝ አለው።

"ዝም በይ" አላት። "ኮላ የያዘው እንጨት ሳይሰነጠቅ አይከፈትም።"

"ይሰንጠቃ። ድዱን የሚያሳይ ባል ይዤ ልዙር?"

እትዬ ሹክሹክታ አልፈጠረባትም። መምህርቷ ሰማች፤ ዜማው ቆመ። ኮሽኮሾውን ከተማሪዋ ተቀብላ ከመድረክ ወረደችና "የእርስዎ ጥርስ ከሆነች እንክፈተው ጌታዬ፤ ሣጥኑ ባዶውን ቢከርም ምንም አይደል" አለችው።

መቶ ሰው አፉ ላይ አፈጠጠ። ወንድም ጋሼ የገዛ ሥራውን በአንድ እጅ መቀበል ነውር መሰለው መሰለኝ፣ ሁለቱንም ዘረጋ። አፉ ያለ ከልካይ ቀረ። ኮሽኮሾውን አገላብጦ አየው፣ ቫርኒሹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ጆሮው ሥር ወስዶ አንዴ ነቀነቀው። ጠቅ።

"አይከፈትም" አለ። "እኔ አፍ ውስጥ እያለች ከማኘክ ሌላ የምታውቀው አልነበረም። እዚህ ሙያ ይዛለች።"

ከዚያ ሳቀ። ዘጠኝ ቀን የተከደነው ሁሉ ተከፈተ፤ ክፍተቱን እስከ መጨረሻው ረድፍ ያላየ የለም። "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሾርባ ነው" አለች እትዬ፤ ቀድማ የሳቀችውም እሷ ናት።

መምህርቷ ከሣጥኑ ካርዱን አውጥታ ከስሙ ሥር በእስክሪብቶ ጨመረችበት፦ "እንጨት፣ ደረቅ አተር፣ የሠሪው አንድ ጥርስ።" ወንድም ጋሼ እስካሁን ከሣጥኑ ፊት ንቅንቅ አላለም። ላለፈ ላገደመው ያሳያል፤ መጀመሪያ ኮሽኮሾውን፣ ቀጥሎ ድዱን።

ይህን የጻፍኩት እዚያው አዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው፤ አሁን ግን መቆየት አልችልም። ያችን ጥርስ የሠራት ሐኪም ክሊኒኩ መንገዱ ጥግ ላይ ነው። እሱም ዕድሜ ልኩን የሠራው ሁሉ ሰው አፍ ውስጥ ተደብቆ የቀረበት ምስኪን ነው፤ ሥራው መስታወት ውስጥ መግባቱን ገና አልሰማም። በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ልሩጥ።