ለእንግዳ የጠረግነው ሜዳ

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የነበረን ሜዳ፣ እኔ ሳወራው፣ ስታዲየም ያክላል። እውነቱን ካላችሁ፣ የእድር ድንኳን ከተተከለበት በኋላ በግ ማሰሪያ የማይተርፈው ቦታ ነበር። ግን ሌላው ሰፈራችን ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት ወፍራም ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ፣ አንዱ ቤቱ ተመልሶ ምሳውን በልቶ ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ ሜዳው ለኛ ስታዲየም ነው።

በርበሬ የሚሰጣው፣ ልብስ የሚደርቀው፣ የበዓል ቅርጫ የሚታረደው እዚያ ነው። ከወሎ የመጡት አናጢ ጎረቤታችን ሐጂም ጣውላቸውን የሚልጉት እዚያው ነበር። ከሁሉም በላይ ግን የለቅሶ ድንኳናችን ቦታ ነው። አባቴን ያለቀስነው እዚያ ነው። እናቴ ከዚያ ወዲህ፣

"እኔንም እዚሁ ነው። ሌላ ቦታ ከወሰዳችሁኝ አልሞትም!" ትል ነበር።

"እንግዲያው ነገውኑ እንውሰድሽ" ስላት በነጠላዋ ጫፍ ትወርድብኛለች።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ አንድ ባለሀብት ሜዳው ላይ ፎቅ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀ ተባለ። ሰፈሩ መኖሪያ ነው፣ ቦታውም የጋራችን ነው ብለን ተቃወምን። ከማዘጋጃ ቤት ባለሙያ መጥቶ፣ ቦታው አገልግሎት መስጠት አለመስጠቱን በዓይኑ አይቶ ይወስናል ተባልን።

"እንግዳ ሊመጣ ነው" አለች እናቴ፤ "በርበሬ ላይ እያስነጠስን ልንቀበለው ነው?"

ሰፈሩ በሙሉ መጥረጊያ አነሳ። በርበሬው ታፈሰ። ልብሱ ወረደ፤ አልበቃ ብሎ ገመዱም ተፈታ። ሐጂ ጣውላቸውን ተሸክመው አስገቡ። የእድሩ አግዳሚዎች ዕቃ ቤት ተቆለፈባቸው፣ ሕፃናቱም እንዳይረብሹ እንደ አግዳሚዎቹ ተቆለፈባቸው። ውሃ ተረጨ። እናቴ አንዲት ጠጠር እንኳ ጎንበስ ብላ ስታነሳ አይቻለሁ። ሜዳው ያን ቀን የሙሽራ ፊት መሰለ።

ባለሙያው ሜትር የያዘ ቀጭን ወጣት ነበር። መሃል ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየ።

"እዚህ ምን ትሠሩበታላችሁ?"

"ድንኳን እንተክልበታለን፣ ጌታዬ" አሉ የእድሩ ዳኛ።

"የታለ ድንኳኑ?"

"ሰው ሲሞት ነው የሚተከለው።"

"አሁን የሞተ ሰው የለም?"

"ተመስገን፣ የለም" አሉ ዳኛው፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ።

እኔ ከኋላ ሆኜ "እባካችሁ አንድ ፈቃደኛ ሰው!" ስል ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያውም ሳቀ። ሐጂ ግን ጠጋ አሉት።

"ልጄ፣ እኔ እዚሁ ነው የምሠራ። ሴቶቹም እዚሁ ነው የሚያሰጡ።"

"አባባ፣ እኔ የማየውን ነው የምጽፈው።"

የሚታይ ነገር አልነበረም። ሲወጣ እናቴን "ሰፈራችሁ ግን እንዴት ንጹሕ ነው!" አላት። እሷም ደስ ብሏት እስከ አስፋልቱ ሸኘችው።

ፈቃዱ ለባለሀብቱ ተሰጠ። ሜዳችን ጥቅም ላይ ያልዋለ ክፍት ቦታ ነው ተባለ። ይግባኝ ብለን ተመላለስን፤ ባለሙያ በዓይኑ ያየውን ምን ብለን እናስተባብል? ቆርቆሮ አጥር ሲተከል እናቴ ደጃፏ ላይ ቆማ አየች። "ምነው ያን ቀን እጄን በሰበረው" አለች። ጭስ እንኳ ብትችል የምትጠርገው ሴት፣ ከዚያ በኋላ ደጇን መጥረግ ተወች። እህቴ ነበረች የምትጠርግላት።

ፎቁ አልቆ ሰው ከገባበት በኋላ እናቴ ታመመች። አንድ ከሰዓት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ጠየቀችኝ።

"ድንኳኔን የት ነው የምትተክሉት?"

"መስቀል አደባባይን እናስፈቅዳለን። ላንቺ ሲያንስ ነው!"

አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነጠላዋም አልተወረወረብኝም።

በሞተች ጊዜ ድንኳኑን መንገዱ ላይ ለመዘርጋት ሞከርን፤ አልተዘረጋም። እንደታጠፈ ግድግዳ ለግድግዳ ወጠርነውና፣ ለቀስተኛው ከሥሩ በአንድ መስመር ተደርድሮ ተቀመጠ። ከፊት ለፊት ያለው የፎቁ አጥር ነው። ሁሉም እሱን እያየ አለቀሰ። አዲስ ሰው ሲመጣ ቀድሞ የተቀመጠው እየተነሳ ይለቅለታል። እናቴ በተራ ተለቀሰላት።

በሁለተኛው ቀን አንድ የማናውቀው ሰው ቦርሳውን አንግቦ መጨረሻ ላይ ቆመ። ጥቂት ጠበቀና ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ወንድሜ፣ ሰልፉ የሜክሲኮ ታክሲ ነው?"

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ጨዋታ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወደ ሐጂ ዞርኩ።

"ለቅሶ ነው፣ ልጄ" አሉት ሐጂ።

ሰውየው ደነገጠ። ኮፍያውን አወለቀ። "አፈር ልሁን! እግዜር ያጥናችሁ" አለና እንደ መሄድ ብሎ ተመለሰ። ሐጂ ጠጋ ሲሉ ከጎናቸው ያለው ጠጋ አለ፤ እንዲያ እያለ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ሁሉም ተጠጋጋ። ሰውየው ቦርሳውን ታቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ማን ናቸው የሞቱት?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"እናቴ" አልኩት።