ድሮኔ ያልተጠራችበት ሰርግ

በቦታው የነበርነው እነዚህ ነን። አንደኛ እኔ። ሁለተኛ ጀማል፣ ካዛንቺስ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ ከእኔ ጎን ተቀምጦ የሚሠራ ጓደኛዬ። ሦስተኛ ቢኒ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ከቄራ ለገሃር በሚመላለስ ታክሲ ላይ ረዳት፣ በድምፁ ምክንያት «ቢኒ ጡሩንባ» የምንለው። አራተኛ ጋሽ ወልዴ፣ ድሮን የምናበርርበት የታጠረ ባዶ ቦታ ዘበኛ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አንድ ሙሉ ሰርግ ነበር፤ ከእነሱ ግን ያኔ አንዱንም በስም አላውቅም ነበር።

ጊዜው ጥር 2007 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው። ቦታው ቂርቆስ። ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቦርሳውን ወደ ራሱ ይስባል።

ድሮኗን የሠራኋት ራሴ ነኝ። ማለቴ ሁሉንም አይደለም፤ አራቱ ሞተሮችና አእምሮዋ የሆነው ሰሌዳ ከቻይና በሰው በሰው የመጡ ናቸው። ክንዶቿ ግን የመጋረጃ አሉሚኒየም ናቸው። እያንዳንዳቸው ሃያ አራት ሴንቲ ሜትር፤ አንዱ በሁለት ሚሊ ሜትር አጥሮ ስላገኘሁት ፈትቼ በምትኩ ሌላ ቆርጫለሁ። ሆዷ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነው። አናቷ ላይ ያለውን አቅጣጫ ጠቋሚ ኮምፓስ ከአቧራ የሚከላከልልኝ የሻምፖ ጠርሙስ ቀይ ክዳን ነበር። ካሜራ የላትም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ካሜራ የላትም።

ማንም አላስተማረኝም። ከኢንተርኔት እያወረድኩ፣ እያነበብኩ፣ እያቃጠልኩ ስምንት ወር ፈጀብኝ። የዚያ እሁድ በረራ አሥራ አራተኛው ነበር። ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር መሆኑንም ያኔ አላውቅም ነበር።

ሪሞቱ ላይ አንዲት ማብሪያ አለች። ወደ ላይ ስትደረግ ድሮኗ በራሷ ወደተነሳችበት ቦታ ትመለሳለች። እስከዚያ ቀን ሞክሬያት አላውቅም። ለመሞከር ኮምፓሱ መስተካከል አለበት፤ ድሮኗን በእጅ ይዞ በሁሉም ጎኗ ቀስ እያሉ ማገላበጥ ነው። ጠዋት ቤት ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ቆሜ፣ መመሪያው እንደሚለው ስድስቱንም ጎን አገላበጥኳት። አንዱንም አልዘለልኩም።

«ይቺ ነገር» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ በከዘራቸው እየጠቆሟት፣ «ከሄደች ትመለሳለች?»

«በራሷ ትመለሳለች፣ ጋሼ።»

«በራሷ? የእኔ ልጅ እንኳ በራሷ አትመለስም። ፈልጌ ነው የማመጣት።»

አስነሳኋት። አፍንጫዋን ሁልጊዜ ወደ ለገሃር አዙሬ ነው የማስነሳት። ሃያ ሜትር ያህል ወጥታ ቆመች፤ እንደ ተሰቀለ አምፖል ቀጥ አለች። ጀማል እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሳቀ። ቢኒ «ኧረ በቃ! አበድኩ!» ይላል። እኔም ዝምተኛ ነኝ እንጂ ውስጤ ሰርግ ነበር።

«እንግዲህ ይመልከቱ» አልኩና ለጋሽ ወልዴ ብዬ ማብሪያዋን ወደ ላይ አደረግኩ።

ድሮኗ ትንሽ አጎነበሰች። ከዚያ ሄደች። ሳትዞር፣ በጎኗ፣ ወደ መስቀል ፍላወር በኩል፣ ቸኩላ። አጥሩን ዘለለች፣ ከአንድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጀርባ ገባች፣ ጠፋች።

«ስትመለስ እንዲህ ነው?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ጀማል ነው የቀሰቀሰኝ። «ማብሪያውን መልሰው እንጂ! መልሰው!»

መለስኩት። አሁን ባለችበት ከፍታ ቆማለች ማለት ነው፤ ግን የት? ሪሞቱ ላይ ያለው የባትሪ ሰዓት አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቀረ ይላል። ከፎቁ ጀርባ ከበሮ ይሰማል። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰማ ነበር፤ ሰርግ መሆኑንም አውቃለሁ። አሁን ግን ከበሮው የሰው ብዛት ሆኖ ተሰማኝ። አውራ ጣቴ ላይ ሦስት ስፌት አለ፤ እንደ ምላጭ ከሚሽከረከሩት አራት ፕሮፔለሮች አንዷ ቤት ውስጥ የሠራችው ነው። አራቱም ከሃያ ሜትር ሕፃን ላይ ቢወድቁ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልቻልኩም። ሞተር ባጠፋ ትወድቃለች። ዝም ብል ባትሪው ሲያልቅ ትወድቃለች።

ቢኒ ሳይነገረው የጥበቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ከዚያ የአጥሩ ግንብ ላይ። «አየኋት! ድንኳኑ አናት ላይ ናት! ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ!»

ወደ ቀኝ ገፋሁ።

«ኧረ ወደ ቀኝ ነው ያልኩህ! ወዴት ነው የምትወስዳት?»

ድሮኗን በትከሻው እየተገላመጠ ያያል እንጂ የቆመው ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነው። የእሱ ቀኝ የእኔ ግራ ነው። ላስረዳው ብጀምር፣ አንድ ደቂቃ በቀኝና ግራ ክርክር ልትሄድ ነው።

«ቢኒ!» አለ ጀማል። «ቀኝ ግራህን ተወውና እንደ ታክሲ ጥራ!»

ወዲያው ገባኝ። አፍንጫዋ ለገሃርን እያየ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት ለገሃር፣ ወደ ኋላ ቄራ፣ ቀኝ መስቀል ፍላወር፣ ግራ ሜክሲኮ። ቢኒም እነዚህን ስሞች በእንቅልፉም አይስታቸውም።

«ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ብሎ ለቀቀው።

ግራ ገፋሁ።

«ሳበው! ሜክሲኮ፣ ሳበው! በቃ! አሁን ቄራ፣ ቄራ፣ ቄራ! አንድ ሰው የቀረው ቄራ!»

«ሳበው» ቀጥል፣ «አንድ ሰው የቀረው» ትንሽ ብቻ ማለት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ጣቴ ራሱ ገባው። ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት በአጥሩ በር አንገታቸውን አስገብተው «የሜክሲኮ ታክሲ እዚህ ገባ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ሰዓቱን ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔን ከቢኒ ከነቀልኩ ጥሪው እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። ጋሽ ወልዴ የድሮ ወታደር ናቸው። ሳልጠይቃቸው መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ቆሙና ከሪሞቱ ላይ ያነቡልኝ ጀመር። «ሁለት ከአሥር!» ይላሉ፣ ቀጥ ብለው። «ሁለት ከአምስት!»

«ሰዉ እያጨበጨበላት ነው!» አለ ቢኒ ከላይ። «አንዷ ሴትዮ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነው! ካሜራ መስሏቸዋል! ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን አስቀምጦ ወገቡን ይዟል፣ ተቆጥቷል!»

«የት ላሳርፋት?» ብዬ ጮህኩ። ጀማል እንዲያ ስጮህ ከዚያ በፊት ሰምቶኝ አያውቅም።

ቢኒ አንገቱን አስግጎ ቃኘ። «ሙሽራው በር ላይ ተገትሯል። ሴቶቹ አናስገባም ብለው ድንኳኑ በር ላይ ቆመዋል፣ ሚዜዎቹ በዚህ በኩል ናቸው። መሀላቸው ባዶ ነው፤ ቄጤማ ብቻ። አምስት እርምጃ ይሆናል።»

«ሰው እንዳይጠጋ በላቸው!»

ቢኒ ደረቱን ነፋ። «ወገን! መንገድ ልቀቁ! ሙሽራው ባለህበት! እናቶች ወደ ኋላ! ማንም እንዳይነካት፣ እጅ ትቆርጣለች!»

ከግንብ ላይ የቆመ የማይታወቅ ልጅ የሚለውን ሰው ለምን ይሰማል? የቢኒን ድምፅ ግን ሰምቶ ያልታዘዘ የለም። «ተጠጉ» ሲል አራት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ሰው የሚጠጋጋለት ልጅ ነው።

«አንድ ደቂቃ!» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ለገሃር፣ ለገሃር! አንድ ሰው የቀረው መስቀል ፍላወር! ሞላ! ሞላ!» ከበሮው ቆመ። «ወራጅ አለ!»

የግራውን እጀታ ቀስ ብዬ ወደ ታች ሳብኩ።

«ወራጅ አለ! ቀስ በል! ወራጅ! ትንሽ ሜክሲኮ! ወራጅ!»

«ሠላሳ ሰከንድ!»

ከዚያ ጩኸት ተነሳ። የብዙ ሴቶች ጩኸት። አንድ ሰው መታሁ ብዬ ሞተሩን አጠፋሁ። ጩኸቱ ግን አልቆመም። ተንቀጠቀጠ፣ ረዘመ፣ ከሌላ በኩል ሌላ ተቀበለው። እልልታ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ወደ ሰዓቱ ጎንበስ አሉ። «አሥራ አንድ ሰከንድ ቀርቶሃል» አሉኝ፤ ከዚያ እኔን ትተው የጀማልን ራስ ሳሙ።

ሪሞቱ አንገቴ ላይ እየተወዛወዘ ሮጥኩ። ስደርስ ድሮኗ ቄጤማው መሀል ቁጭ ብላለች። አንድ ረጅም ሚዜ በላይዋ እጁን ዘርግቶ እንደ በረኛ ይጠብቃታል። ሴቶቹ እየሳቁ «ከሰማይ ካመጣችሁማ ምን እንላለን፣ ግቡ!» እያሉ በሩን ለቀዋል። ሙሽራው አልፎ ገባ።

ሚዜው ሪሞቱን አየና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓት አቁመውናል። በናትህ የእኛ ነው በል።»

እኔ ውሸት አልችልም። ደግሞ ብዙ ሰው ፊት እውነትም አልችልም። የሙሽሪት አጎት መጥተው «የማን ወገን ነህ ልጄ?» ሲሉኝ ያገኘሁት መልስ «ከቂርቆስ» የሚል ነበር።

«የእኛ ነው!» አለ ሚዜው ትከሻዬን አቅፎ። «ሹፌራችን ነው!»

ነጠላቸውን ያስተካከሉት ሴትዮ የሙሽሪት አክስት ነበሩ። እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ በዚህ በኩል አልተነሳሁም። አንድ ጊዜ ድገምልኝ።»

«እትዬ፣ ካሜራ የላትም።»

«አይ፣ የልጅ ጨዋ!» አሉና ወደ ምግቡ ገፉኝ።

ጀማልን አንድ ልጅ እግር አስተናጋጅ «የሙስሊም ምግብ በዚህ በኩል ነው» ብሎ ወሰደው። ቢኒ እስክስታ ገባ። ለጋሽ ወልዴ ጥበቃ ጥለው መምጣት ስለማይችሉ በሰሃን ተላከላቸው። ቪዲዮ ቀራጩ እንደተቆጣ ነበር፤ ግን ስበላ ሦስት ጊዜ ቀርጾኛል። እኔ በበኩሌ የሰርጉን ምግብ ጣዕም አላስታውስም፤ የወጡም ግማሽ ሸሚዜ ላይ ቀርቷል። የሚያስቀኝ ነገር ደግሞ አልቆም አለ። ያለ ምክንያት እስቃለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ እንደገና እስቃለሁ። ሰዎቹ ጠጪ ሳልመስላቸው አልቀረም።

አንድ ፕሮፔለር ጫፉ ተሸርፏል። በሁለት ሞተሮች ላይ ቄጤማ ተጠምጥሞ ነበር፤ በመቆንጠጫ አውጥቼ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ጥፋቱን ያገኘሁት በነጋታው ነው። ኮምፓስ ብረት አጠገብ አይስተካከልም፤ አቅጣጫ ይስታል። የእኛ የቀበሌ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ግማሹ ቆርቆሮ፣ እኔ የቆምኩበት አልጋ ደግሞ ብረት ነው። መመሪያውን የጻፈው ሰው እንዲህ ያለ ቤት አይቶ አያውቅም፤ እኔም ሌላ ዓይነት ቤት ኖሬ ስለማላውቅ «ከብረት ራቁ» የሚለውን ሳነብ ቤቴ መሆኑ አልታየኝም። ስድስቱንም ጎን በትክክል፣ በትዕግሥት፣ ስህተት አስተምሬያታለሁ።

አሁን ሳስበው ሁለት ነገር አንድ ላይ ይመጣብኛል። አንዱ ሐፍረት ነው። አሥራ አንድ ሰከንድ ብዙ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት አካባቢ አስነስቼ አላውቅም። ሌላው ደስታ ነው፣ ይሄኛው ይበልጣል። እንዲያ ያለ ነገር ደግሜ የማደርግ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። የሕይወቴ ምርጥ በረራ ነበር፤ እኔ ከአጥሩ ማዶ ያለውን አንዷን ሰከንድ እንኳ አላየሁም። ያየሁት የቢኒን አፍና የጋሽ ወልዴን መነጽር ብቻ ነው። ስለዚህ ቢኒ፣ ረጅሙ ሚዜ፣ እትዬ፣ ያን ቀን ቀና ብላችሁ የነበራችሁ ሁሉ፣ ይህን ካነበባችሁ የጎደለውን ጨምሩበት። ስትወርድ ቀጥ ብላ ነበር? ጥላዋ ቄጤማው ላይ ይታይ ነበር? ምን ትመስል ነበር?