ከወንድሜ ግንባር ላይ ያጠፋሁት

ለእማዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። እናንተ ግን ስሙኝ።

የመጨረሻው ቅዳሜ እንደ ሌላው ቅዳሜ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ናሆም ሳምንቱን ሙሉ አዳማ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ቅዳሜ ግን ካሜራውን አንግቶ ይወጣል። ያን ቀን በተዋሰው ሞተር ዓለም ጤና ከተማ ዳር ወዳሉት ማሳዎች ወሰደኝ። ሽንኩርት የሚነቅሉትን ሲያነሳ ዋለ። እሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ አንዴ ብቻ። ሁሉን ሰው እያነሳ ለራሱ ከመታወቂያው በቀር ፎቶ አልነበረውም።

ቤት ስንመለስ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ጫነልኝ። አሠራሩን እንዴት እወድለት ነበር! መጀመሪያ ኮፒ ያደርጋል፤ ዋናውን አይነካም። የማይረቡትን ይጥላል፣ የተጣመመውን ያቀናል፣ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ቀለም መጨረሻ ነው። ከዚያ ተነስቶ ውኃ ይጠጣና እንደ አዲስ ያየዋል። ከየትኛውም ፎቶ ቤት እሱን አስበልጥ ነበር። አሁንም አስበልጣለሁ።

«ፊት ላይ ግን እንዳትፈላሰፍ፣ ማሙሽ» አለኝ፣ የሞተሩን ቁልፍ እያነሳ።

«አንተን ቆንጆ ላደርግህ ነው።»

«ሂድ ወደዚያ! ከዚህ በላይ?»

እየሳቀ ሞተሩን ሊመልስ ወጣ።

እኔ ምን አደረግኩ? ኮፒ አላደረግኩም። ቸኮልኩ። የእሱን ፎቶ ከፍቼ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አጠፋሁ። ጠባሳው እኮ በእኔ የመጣ ነው። ሕፃን ሆኜ አዝሎኝ ሲሮጥ ተደናቀፈ፤ እኔን ላለመልቀቅ እጁን ሳይዘረጋ በግንባሩ ወደቀ። እሱን ነው ያጠፋሁት። በዋናው ላይ ሴቭ አደረግኩ። የካሜራውንም ካርድ አጸዳሁ፤ ዋናው የትም አልቀረም። ሲመለስ ላሳየው ነበር።

አልተመለሰም። መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጨው።

በማግስቱ ጠዋት ለቀብሩ የሚያዝ ፎቶ ተፈለገ። ያንኑ በአንድ ፎቶ ቤት አሳትሜ መጣሁ። እማዬ ተቀብላኝ ግንባሩን በጣቷ ዳሰሰች።

«ምልክቱስ? የልጄ ምልክት የታለ?»

የለቅሶው ድንኳን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ደንግጬ ነው ብዬ አላመካኝም። እያወቅኩ ነው ያልኩት።

«ፎቶ ቤቱ ነው ያጠፋው» አልኩ።

«ያጠፋው እጅ ይሰበር!» አሉ ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ።

ከሁሉም ጋር «አሜን» አልኩ።