ጎረቤት ከሩቅ የሚታይበት ቀበሌ

አንድን ቦታ በሚገባ አስረድታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ አድማጫችሁ ጨርሶ ሌላ ቦታ ሲያይ እንደነበር የገባችሁ ጊዜ አለ? እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ይገጥመኛል። ከሁሉ የማልረሳው ግን ከክፍል ውጭ፣ በጎረቤቴ ደጃፍ የገጠመኝን ነው።

የምንኖረው ሱዳን ውስጥ፣ ከዶካ ከተማ ብዙም በማይርቅ የስደተኞች ሰፈር ነው። ጎረቤቴን ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ልጃቸው አሜሪካ ገብቶ በአንድ የገጠር ቀበሌ ላሞች ያልባል። በስልክ "እዚህ ሰው የለም፣ ሜዳ ብቻ ነው" ካላቸው ወዲህ እንቅልፍ አጡ። ልጁ ሥራውን ይወደዋል፤ እሳቸው ግን ዓርብ ሲደውል "ጥለህ ከተማ ግባ" ሊሉት ቆርጠዋል።

"አንተ ኡስታዝ፣ የተማርክ አይደለህ? እስቲ ያንን አገር ንገረኝ" አሉኝ።

ደስ አለኝ። ስለ ቀበሌው በስልኬ አነበብኩና እንጨት ይዤ መሬት ላይ ሳልኩላቸው። ቅርጹ አራት ማዕዘን ነው። መንገዶቹ በገመድ እንደተለኩ ቀጥ ብለው ይተላለፋሉ። በስተምሥራቅ ወንዝ አለ፣ በወንዙ ዳር ትንሽ ደን፣ የቀረው በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ገበያው ከቀበሌው ውጭ ነው። ነዋሪው ሁሉ ቢሰበሰብ የዶካን የገበያ ቀን አያህልም፤ ወጣቱም ወደ ከተማ ስለሚሄድ ሕዝቡ እየቀነሰ ነው።

"እንግዲያው አዝመራው አልቋል" አሉ።

"የቱ አዝመራ?"

"ሰዉ ከሄደ አልቋላ! ልጄን ዘበኛ አድርገው ጥለውት ሄደዋል።"

ያን ጊዜ ገባኝ። እማማ ለብዙ ዓመት በሰሊጥ እርሻ ላይ ለሠራተኞች ምግብ ሲያበስሉ ኖረዋል። እርሻው በአጨዳ ጊዜ በሰው ይሞላል፤ አጨዳው ሲያበቃ ሁሉም ተሳፍሮ ይሄድና በሠራተኞቹ ማደሪያ፣ በካምቦው ውስጥ አንድ ዘበኛ ይቀራል። ባለቤታቸው እንዲህ ዘበኛ ሆነው ብቻቸውን እንደቀሩ ወባ ጣላቸው።

"ሲጣራ የሰማው የለም" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሥዕሉን በእግሬ አጠፋሁና እንደገና ጀመርኩ። "እማማ፣ ይሄ የሰሊጥ እርሻ አይደለም። ገበሬው ቤቱን የሠራው በየራሱ እርሻ መሀል ነው። ክረምት ከበጋ እዚያው ነው። የተራራቁት መሬታቸው ሰፊ ስለሆነ ነው።" በየመንገዱ ዳር ለየቤቱ አንዳንድ ጠጠር አስቀመጥኩ።

እማማ ጠጠሮቹን አዩና ሳቁብኝ። "ጠጠር መደርደርማ ማን ያቅተዋል! ጎረቤቱ ሲጠሩት ይመጣል ወይ?"

"እሱን ልጅዎን ይጠይቁት" አልኩ። መልሱን አልተጠራጠርኩም።

ዓርብ ስልኩ ጮኸ። እማማ ድምፁን ከፍ አደረጉልኝና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ "መኪናህን ጭቃ ቢይዝብህ ማን ያወጣሃል?" አሉት። ዝናብ ሲጥል ጥቁሩ አፈር የጭነት መኪና ውጦ በሚያሳድርበት በእኛ አካባቢ፣ ሰው ከማን ጋር እንደሚኖር የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ልጁ ሳቀ። "ባለፈው በረዶ ይዞኝ ነበር እኮ! ጎረቤቴ በመስኮት አይቶኝ፣ ሳልጠራው ትራክተር ይዞ መጣ። ሚስቱ ደግሞ ሾርባ ሳትጠጣ አትሄድም ብላ ያዘችኝ።"

"ሾርባው ይጣፍጣል?"

"ኧረ ጨውም የለው፣ እማዬ።"

"በል አርፈህ ሥራህን ሥራ። ለሴትዮዋ በርበሬ የምልክበት መንገድ ይፈለጋል" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ደግሞ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ግባና ሻይ ጠጣ!"

አሁን የሕዝብ አሰፋፈርን ሳስተምር ከቁጥር አልጀምርም። ተማሪዎቼን መጀመሪያ "ባዶ ሜዳ ስላችሁ ምን ይታያችኋል?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ ድርቅ፣ አንዱ ጦርነት፣ አንዱ የኳስ ሜዳ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ነው መሳል የምጀምረው። እናንተም ሞክሩት። የማያውቀውን ቦታ ለአንድ ሰው ልታስረዱ ስትነሱ፣ እንጨቱን መጀመሪያ ለእሱ ስጡትና በሐሳቡ የሚያየውን ይሳልላችሁ።