ጾመኛዋ ንግሥት

ስለ ሸጌ ጋሻዬ የምጽፈው ስለምወዳት አይደለም። ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ፤ በሕይወቴ እንደ እሷ የቀናሁበት ሰው የለም። ላሊበላ መጥታችሁ ማንንም ብትጠይቁ «ሸጌማ ጨዋታ አዋቂ ናት» ይሏችኋል። እኔን ብትጠይቁኝ ደግሞ ሰዓት የማታከብር፣ የአንድ ቀን ወሬ ሳምንት የምታቆይ፣ ቅዳሜ ገበያ ሱፍና ተልባ ስትሰፍር ጣሳውን እጇ ላይ አንጠልጥላ ተረት የምትጀምር ሴት ናት እላችኋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ያገናኘን መሠረተ ትምህርት ነው። በሰባ አንድ ሐምሌ ዘመቻው ሲታወጅ እኔ መነን ገብረ መስቀል ወልድያ አክስቴ ዘንድ ሆኜ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የተመለስኩ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ቀበሌው ጠመኔ አስያዘኝና አርባ ሴቶች ፊት አቆመኝ። ሸጌ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ድረዋት ኮብልላለች፤ ኋላ ወድዳ ያገባችውን ባሏንና የአራት ዓመት ሴት ልጇን በስልሳ አምስቱ ረሃብ በአንድ ወር ውስጥ ቀብራለች። ከዚያ በኋላ ነው ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ማዶ ካለው የአባቷ መሬት ወደ ከተማ የወጣችው።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥና ገና «ሀ ሁ» ስል ማዛጋት ትጀምራለች። እኔ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ተማሪ መጀመሪያ የራሱን ስም፣ ቀጥሎ የአስተማሪውን ስም መጻፍ አለበት እል ነበር። ለምን የእኔን ስም እንደጨመርኩ አሁን ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ግን ትምህርት ይመስለኝ ነበር። ሌሎቹ በሦስት ሳምንት ሁለቱንም ሲጽፉ ሸጌ ሁለት ወር ፈጀባት።

ሴቶቹ ሥራ አለብን እያሉ ሹልክ እንዳይሉብኝ ከትምህርት በኋላ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። መጽሐፉ «ከዐለት በታች» ይባላል። ስምንተኛ ክፍል አንደኛ ወጥቼ የተሸለምኩት ነው፤ በእኛ ዕድሜ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ሲቀባበለው ያደገ የልጆች መጽሐፍ። ትርንጎ የምትባል ልጅ የጠፋች ግልገል ስትፈልግ በዐለት ስንጥቅ ገብታ ከምድር በታች ካለ አገር ትደርሳለች። የዚያ አገር ንግሥት ክፉ ናት። ለልጆች ታላቅ ግብዣ ታደርግና በወርቅ ዋንጫ ወተት ታጠጣቸዋለች፤ ወተቱን የቀመሰ ልጅ የእናቱን ስም ይረሳል። በከተማችን የነበረው የእኔ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ እንጂ ለማንም አላውስም።

አንድ ቀን ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው ሸጌን ከብበዋታል። የምታወራው የእኔን መጽሐፍ ነው። ግን ምኑን አወራችው! ንግሥቲቱን ልጇ የሞተችባት እናት አደረገቻት። የሰው ልጅ የምትሰበስበው ቤቷ ጭር ስላለባት ነው አለች። በዚያ አገር ዶሮ ስለሌለ ማንም መንጋቱን አያውቅም አለች። አንዷ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። እኔ ሳነብላቸው ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

«መጽሐፉ እንዲህ አይልም» አልኩ በሁሉም ፊት።

«ውይ አስተማሪ» አለች እየሳቀች፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!»

ምንጩ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። ንግሥቲቱ ከየት እንደመጣች አውቄ ነበር፤ የሸጌን ልጅ ታሪክ የማያውቅ ሰፈር ውስጥ አልነበረም። ባውቅም በነጋታው ክፍል ውስጥ አስነሥቼ ትክክለኛውን ታሪክ አስደገምኳት።

በሰባ ሦስት የካቲት ሲያልቅ ሁለት መኪና በጋሸና በኩል አቧራ ለብሰው ገቡ። ከአዲስ አበባ የመጡ ፊልም ሠሪዎች ናቸው። «ከዐለት በታች»ን ባለ ሦስት ክፍል የልጆች ፊልም ሊያደርጉት ነው። አለቃቸው ጓድ ተክለ ሚካኤል የሚባል፣ ቀጭን፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። ንግሥቲቱን የምትሆነውን ተዋናይት ይዘው መጥተዋል። ትርንጎን እንድትሆን ደመቀች የምትባል የሰፈራችንን የስምንት ዓመት ልጅ መረጡ። ካህናቱ ቤተ መቅደስ ውስጥ አይቀረጽም ስላሉ በነአኩቶ ለአብ መንገድ ካለ የከብት ዋሻ ውስጥ ሊሠሩ ተስማሙ። የቀረው ተራኪ ብቻ ነው። ከሥዕሉ በላይ ሆኖ ታሪኩን የሚናገር የአገሩ ድምፅ እንፈልጋለን አሉ።

ቀበሌው ወደ እኔ ላካቸው፤ ወደ ማን ይልካቸዋል? ጓድ ተክለ ሚካኤል ቴፑን ከፍቶ ሁለት ገጽ አስነበበኝ። አንድ ፊደል አልሳትኩም። «ንባብሽ የጠራ ነው፣ ጓድ መነን» አለኝ። በደስታ እራቴን መብላት አቃተኝ፤ ድምፄ አዲስ አበባ ድረስ ሊሰማ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴ ደግሞ ለሰፈሩ ነገረች።

በነጋታው ዋሻው ጋ ስደርስ ሦስት ትልልቅ ወንዶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተዋል። መሃላቸው ሸጌ አለች። ለወጥ ሠሪያቸው ሱፍ ልትሸጥ መጥታ፣ ምን እንደሚሠሩ ጠይቃ፣ «ታዲያ ንግሥቲቱኮ ልጇ ሞታባት ነው» ብላ ጀምራለች። ቴፑ ይዞራል። ጓድ ተክለ ሚካኤል ሲጋራው እጁ ላይ አመድ ሆኖ አላስተዋለውም። ሌላ ስም አልፈልግለትም፤ ቅናት ነው። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን በራሴ አየሁት።

ከሁለታችሁ አንዳችሁን ግብዣው ከተቀረጸ በኋላ እመርጣለሁ አለን። እስከዚያ እኔ መጽሐፉን ይዤ ጽሑፋቸው ትክክል መሆኑን አያለሁ፤ ሸጌ ደግሞ ልጆቹንና የግብዣውን ምግብ ትይዛለች።

ከግብዣው በፊት ባለው ቀን ሸጌ ሌሎች ልጆች ልታመጣ አባቷ አገር ሄዳ ነበር። ጓድ ተክለ ሚካኤል እኔን ጠራኝ።

«በግ ይታረዳል፣ ወተት ታዟል። ሁዳዴ መሆኑን አልረሳሁም» አለኝ። «ልጆቹ ግን ይበላሉ፣ አይደል?»

እሱ ባደገበት ሰፈር ልጅ ሁዳዴን ላይጾም ይችላል። በእኛ አገር ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ይጾማል፤ ያልሞላውም እንደ ትልቆቹ ካልጾምኩ ብሎ ያለቅሳል። ደመቀች በሁዳዴ ወተት ከምትቀምስ ከገደል ብትገባ ይቀላታል። ይህን እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል? ልጆቹ እንቢ ሲሉ ጥፋቱ የማን እንደሚሆንም አውቄአለሁ።

«ልጅ ምን ጾም አለው ጓድ» አልኩት።

በማግሥቱ ሥጋው ተጠብሶ በገበታ ቀረበ፤ ወተቱ በወርቅማ ቀለም በተቀባ ዋንጫ ሞላ። ካሜራው ተነሣ። ንግሥቲቱ ዋንጫውን ስታቀርብላት ደመቀች አፏን በሁለት እጇ ከደነችው።

«ጠጪ እንጂ የኔ ቆንጆ» አለ ጓድ ተክለ ሚካኤል።

«ሁዳዴ ነው።»

«ለፊልም እኮ ነው!»

«እግዜርም ፊልሙን ያያላ» አለች ከእጇ ሥር።

ከጎኗ ያለው ልጅ ተነሣ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ወዲያው ገበታው ባዶ ቀረ። ተዋናይቱ በነጋታው ተመላሽ ናት፤ ሌላ ቀን የለም። «ልጆቹን የያዘችው ማናት?» ብሎ ጮኸ። እኔ በአገጬ ወደ መንገዱ አመለከትኩ። ሸጌ እንደ ልማዷ ዘግይታ፣ አራት ልጆች አስከትላ እያለከለከች ትመጣለች።

ውርጅብኙን ሁሉ በላይዋ ላይ አወረደው። «ልጆች አይጾሙም ተብለን ነው!» ሲል ግን አቋረጠችው።

«ማን አለ?»

ጓድ ተክለ ሚካኤል ወደ እኔ ዞረ፤ ሸጌም አየችኝ። እኔ መጽሐፉን ከፍቼ ገጽ የምፈልግ መሰልኩ።

«በሉ ተዉት» አለች ሸጌ። «ቅዳሴ እስቲወጣ ሁለት ሰዓት አለን። የሽምብራ ዱቄትና ዘይት አምጡልኝ። ሱፉ ኸኔ ዘንድ አለ።»

ዱቄቱን አቡክታ ዳመጠች፤ በቢላዋ ዓሣ ዓሣ አስመስላ ቆረጠችው። በማንኪያ ጫፍ ቅርፊት አወጣችለት፣ ለዓይኑ የኑግ ፍሬ አደረገችለትና ዘይት ውስጥ ጠበሰችው። የሽምብራ ዓሣ የጾም ምግብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለዚህ ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ሱፉን ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ አጠለለችው። ዋንጫው ውስጥ ሲገባ ከወተት የሚለየው ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደወል ተሰማ። ቅዳሴ ወጥቷልና ልጆቹ ርቧቸው ወደ ገበታው ተሯሯጡ። ፀሐዩም ዘንበል ብሎ እስከ ዋሻው ጓዳ ገብቶ ነበር።

ደመቀች ዋንጫውን ተቀብላ ጠጣች። ከዚያ ማንም ያላስጠናትን ተናገረች።

«ውይ፣ ሱፍ ነው! የእማዬ ሱፍ!»

ካሜራው ይሠራል። ሸጌ ከበስተኋላ ሆና፣ እጇ በዱቄት ተለውሶ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ቀጠለች። «በዚያ አገር ዓሣው ዓሣ አይደለም፤ ወተቱም ወተት አይደለም። ንግሥቲቱ ልጇ ኸሞተች ወዲህ ጾም ላይ ናት። ትርንጎ ያንን ጾመኛ ወተት ስትቀምስ እናቷ ትዝ አለቻት።»

ጓድ ተክለ ሚካኤል ማንም እንዳይንቀሳቀስ እጁን አነሣ። እኔ ግን አልቻልኩም።

«መጽሐፉ እንዲህ አይልም!» ብዬ ጮኽኩ። «ስትጠጣ ልትረሳ ነው የሚገባት! ልትረሳ!»

ድምፄ ቴፑ ላይ ገባ። አዲስ አበባ ይሰማል ያልኩት ድምፄ ቆርጠው የጣሉት ያ ጩኸት ሆነ። ጓድ ተክለ ሚካኤል አልተቆጣኝም፤ «መጽሐፉማ ተጽፎ አልቋል፣ ጓድ መነን» አለኝ ብቻ። በዚያው ቀን ተራኪዋ ሸጌ መሆኗን ነገሩን።

ፊልሙ የመጣው በሰባ አራት ታኅሣሥ ነው። በቀበሌው አዳራሽ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረው፣ በቀን አንድ ክፍል ለሦስት ቀን አሳዩን። ሸጌ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። ድምፅዋ ሲሰማ ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ፤ የሚያናድደኝ ደግሞ ጥሩ መሆኑ ነው። ሥዕሉ ሲያበቃ የሠሪዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ እያለፈ ይወጣል። ሰው ግን ፊደል ሊያይ አልመጣምና እየተነሣ መውጣት ጀመረ።

«አስተማሪ፣ ፊደሉ ፈጠነብኝ» አለችኝ ሸጌ። «የኔ ስም አለበት?»

«ተራኪ፦ ሸጌ ጋሻዬ» የሚለው ዓይኔ ሥር አለፈ። አንገቴን ደፍቼ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«የለም። የአዲስ አበባዎቹ ስም ብቻ ነው።»

በሁለተኛውም ቀን ጠየቀችኝ። ስሟ ብቅ ሲል አሁንም አቀረቀርኩ፤ «የለም አልኩሽ እኮ» አልኳት። ሁለት ወር ሙሉ ያስጻፍኳትን ስም።

በሦስተኛው ቀን አልጠየቀችኝም። ስሟ መጣ። አንገቴን ስደፋ አገጬን በጣቷ ይዛ ቀና አደረገችኝ። ከዚያ ክፍል ውስጥ እንደምታነበው፣ ፊደል በፊደል ጮክ ብላ ጀመረች።

«መ... ነ... ን...»

ከስሟ ቀጥሎ ባለው መስመር «መጽሐፉን ያነበበችልን፦ መነን ገብረ መስቀል» ይላል።

«ኸፊተኛው ቀን አንስቶ እኮ አለ» አለችኝ። «ይጻፍልኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ። የኔን ስታዪ እያቀረቀርሽ አለፈሽ።»

«ታዲያ ስምሽን ካነበብሽው ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«አንቺ እስትነግሪኝ ነዋ! የዚያን የግብዣውንም ቀን እስትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነው» ብላ ተነሥታ ወጣች።

ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው። የሰባ ሰባቱን ክፉ ቀን ሁለታችንም ተርፈናል። ሸጌ ዛሬም ቅዳሜ ገበያ ሱፍ ትሰፍራለች፤ ልጆች «የንግሥቲቱን ንገሪን» እያሉ ይከቧታል። እኔም ዛሬም ሱፍ ከሌላ ሴት ነው የምገዛው። ግብዣውን አንሥታብኝ አታውቅም፤ ይህም ያናድደኛል። ድምፁንም ደግነቱንም ለአንድ ሰው ማከማቸት ምን ይባላል? መጽሐፉ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ ነው።

ይህን ወረቀት ግን ከሣጥን አላስገባውም። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ እጇ ላይ አኖረዋለሁ። ማንበቧ አዝጋሚ ስለሆነ የምትፈልገውን መጨረሻው ላይ ለብቻው ጽፌላታለሁ።

ሸጌ፣ ልጅ ምን ጾም አለው ያልኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው።