የመቶ አለቃው ሰይፍ

ዐምና ሰኔ፣ ትምህርት እንደተዘጋ፣ ዝናቡ ሳይጠናብን ጎንደር አራዳ ያለውን የእናቴን ቤት ጣራ ለማደስ የድሮውን የአቡጀዲ ኮርኒስ ቀደድነው። አናጢው ከላይ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አወረደልኝ። ስፈታው የጦር መኮንን ሰይፍ ነው። አፎቱ ዝጓል፤ እጀታው ላይ የተቀረጸው ዘውድ ግን አሁንም ይለያል።

እናቴ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰይፉን ሳሳያት አልደነገጠችም። «እስካሁን እዚያው ነው እንዴ?» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ነገሩን የነገረችኝ ቆይታ ነው። ንጉሡ በወረዱበት ዘመን የጓሮውን ክፍል የተከራየ አንድ መቶ አለቃ ነበር፤ ከዳባት ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ዝምተኛ፣ የቄስ ልጅ። ባልደረቦቹ መታሰር ሲጀምሩ አንድ ጠዋት ሰይፉን አደራ ብሏት ወጣ። በዚያው ቀረ። እሷም ገድለውታል ብላ ደመደመች።

እኔ ግን ነገሩን መተው አልሆነልኝም። መምህር ነኝ፣ ክረምቱን ሥራ የለኝም። ሰይፉን እቤት ትቼ፣ አፎቱ ውስጥ እንዳለ ያነሣሁትን ፎቶ በስልኬ ይዤ፣ በገበያ ቀን ዳባት ሄድኩ። መኮንን ሆኖ የነበረ የቄስ ልጅ የሚያውቁ እንደሆነ አንድ ካህን ጠየቅኩ።

«አያ መቶ አለቃን ነው የምትፈልግ» አሉኝ ወዲያው። «አሉ። ንብ ያረባሉ።»

መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል በእግር አስኬደኝ። ደጃፋቸው ላይ ቀፎ በእበት ሲመርጉ አገኘኋቸው። እጃቸውን ታጥበው ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና ፎቶውን አተኩረው አዩ።

«ጫፉ ተሰብሯል አይደል?» አሉ። «ጦር ትምህርት ቤት ሳለን የቲማቲም ቆርቆሮ ስከፍትበት ነው።» ፈገግ ብለው የነበሩት ሰውዬ ፊታቸው ተለወጠ። «ሴትዮዋስ?»

እናቴ መሆኗን፣ በሕይወት መኖሯንም ነገርኳቸው። ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ያ ሕፃን አንተ ነህ» አሉ።

ያን ጊዜ በመተማ በኩል በእግራቸው ሱዳን ገብተው ነበር። አከራያቸው በእሳቸው ሰበብ ከነጨቅላ ልጇ መታሰሯን ገዳሪፍ ላይ ከአንድ የጎንደር ሰው ሰሙ። ደርግ ሲወድቅ አገራቸው ገቡ። ጎንደር በመጡ ቁጥር ግን ወደ እኛ ሰፈር መታጠፍ አቃታቸው። እኔ ደግሞ መታሰሬን የሰማሁት ያን ቀን፣ ቀፎ አጠገብ ቆሜ ነው።

በሳምንቱ አንዲት እንስራ ማር አስይዘው መጡ። እናቴ ክንዴን ይዛ እስከ በሩ ወጣች። ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ ብዙ ቆዩ። እንደተቀመጡ እሳቸው ጀመሩ።

«እህቴ፣ በእኔ ምክንያት ታስረሽ ነበር አሉ።»

«አሥራ ሰባት ቀን። ሰይፉን አምጪ አሉኝ፤ አላየሁም አልኳቸው።»

«ምነው አትሰጫቸውም ነበር?»

«አደራ አይደለም?» አለች፣ ጥያቄው እንዳልገባት ሁሉ።

ሽማግሌው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እናቴ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ድምፅዋ ጠነከረ።

«እስሩንስ ተወው። ሞተሃል ብዬ ስምህን በየዓመቱ ከሙታን ጋር ለቄስ ስሰጥ ነው የኖርኩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በደጄ ስታልፍ አንድ ቀን እንኳ ጎራ አትልም?»

«አፍሬ ነው» አሉ።

ሌላ ምክንያት አላቀረቡም። እሷም ምሳ እንዲቀርብ አዘዘች። ሰይፉን እኛው እንድናስቀምጠው ቢለምኑ እምቢ አለች፤ የእሷ ድርሻ ማለቁን፣ አሁን ባለቤቱ መምጣቱን ነገረቻቸው። መንገድ ላይ በሰይፉ ሰበብ እንዳይጉላሉ ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፌ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው።

ማታ እራት ላይ መታሰራችንን ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

«ምን ብዬ?» አለች። «አንተ እንደሁ እዚያም ሸጋ አድርገህ ትጠባ ነበር።»