በሰማያዊ ክር የተሰፋው ካባ

ዛሬ ጠዋት ለችሎት ስዘጋጅ የጠበቃ ካባዬን ከቁም ሳጥን አወጣሁ። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ ያለው ሰማያዊ ክር እስካሁን አልተፈታም።

የሰፉልኝ ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ሱቅ የነበራቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ያኔ ጥብቅና ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ እሳቸው ደግሞ በዋስ ወጥተው የሚከራከሩ ደንበኛዬ ነበሩ። በክረምት፣ በጎርፍ መውረጃ ቦይ የተነሳ ተጣልተው፣ ጎረቤታቸውን ገፍትረው እግሩን ሰብረዋል ተብለው ነው የተከሰሱት። እሳቸው ግን ጭቃው አዳልጦት ነው የወደቀው፣ እጄ አልነካውም ከማለት ዝንፍ አላሉም። እኔም አምኛቸው ነበር። ሲወድቅ ያየ ሰው የለም።

በሰፈሩ ሽማግሌዎች በኩል ታረቁ ያልኳቸው እንግዲህ እኔ ነኝ። ዕርቅ ከወረደ የዳኛው ልብ ይራራል ብዬ፤ አይ የኔ ነገር! ሽማግሌዎቹም ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አንመረምርም፣ እሱ ተኝቷል፣ እርስዎ ቆመዋል፣ ስለዚህ እርስዎ ይጎንበሱ አሏቸው። የሰፈሩ ወግ እንደዚያ ነው።

«ያላደረግኩትን አጥፍቻለሁ ልበል?» አሉኝ፣ የተተረተረ እጅጌዬን እየሰፉ። ጥቁር ክር አልቆባቸው ነበር። ካውያው ሥር የሚጨሰው የእርጥብ ሱፍ ሽታና ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ዛሬም አብሮኝ አለ።

«ቃል ብቻ እኮ ነው» አልኳቸው።

በማግስቱ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ አሉት። ጎረቤትየው አቅፎ ሳማቸው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከወር በኋላ ዐቃቤ ሕግ ዋናውን ሽማግሌ ለምስክርነት ጠራቸው። ሽማግሌው ምለዋልና አይዋሹም። አቀርቅረው፣ አዎ፣ በገዛ አንደበታቸው አጥፍቻለሁ ብለዋል አሉ። መስቀለኛ ጥያቄዬ ላይ ወጉን ላስረዳ ሞከርኩ፤ የተጻፈው ቃል ግን ተጽፏል። ልብስ ሰፊው ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። ሱቁም ከዚያ ወዲህ በሳቸው እጅ አልተከፈተም፤ አሁን ጫማ ይሸጥበታል።

እስር ቤት ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት ሽቦውን ይዤ አለቀስኩ። «አባቴ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳቸው።

ወደ ፖሊሱ ቃኘት አደረጉና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አሳረፉ።

«ተይ ልጄ፣ ይቺን ቃል አትበያት» አሉኝ፤ «ሰው ከሰማሽ ያስፈርድብሻል።»